ጽድ በዱር እንዴት ይኖራል፤ እንዴትስ ይተካል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ጽድን የማያውቅ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአድባራትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ጠቆር ብሎ ከሩቅ የሚታየው፣ ምስጥ የማይደፍረው የቤት ምሰሶና የአጥር ቋሚ፣ የበርና የመስኮት ሳንቃ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ጽድ ነው። ይሁን እንጂ ጽድ ይበልጡን የታወቀው በእንጨትነቱ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ስለሚሰጠው ጥቅም ብዙ ሲነገር፣ ሳይቆረጥ በዱር ቆሞ እንዴት እንደሚኖር፣ ድርቁን፣ እሳቱንና የከብቱን ጥርስ በምን ዘዴ እንደሚያልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱን በምን እንደሚተካ የሚነገረው ጥቂት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጉድለት በመጠኑ መሙላት ነው። ነገሩ የዕውቀት ጥማትን ለማርካት ብቻ የተነሳ አይደለም። አንድ ደን በቆሙት ግንዶች ብዛት ሲታይ ደኅና መስሎ፣ በተተኪው በኩል ሲታይ ግን ለመጥፋት የተቃረበ ሊሆን ይችላል። የጽድ ደን ለዚህ ዓይነቱ መታለል ከብዙዎቹ የደጋ ደኖች ይበልጥ የተመቸ ነው። ምክንያቱም ያደገው ጽድ ብዙውን መከራ ስለሚችል ሞቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ገና የበቀለው ጽድ ግን ጥቂቱንም መከራ አይችልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልተገነዘበ ባለሙያ ደኑን ጠበቅሁ ሲል ሽማግሌዎቹን ብቻ ሲጠብቅ ይኖራል።

፩. ስሙና ዝምድናው

ዛፉ በአማርኛ ጽድ ወይም ጥድ፣ በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1847 የተሰጠው ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ ነው። ፕሮሴራ የላቲን ቃል ሲሆን መለሎ፣ ረጅም ማለት ነው። ስሙም ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ጥልቅ አፈርና በቂ ዝናብ ባገኘበት ቦታ ጽድ ከ30 ሜትር አልፎ እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይኸው ዛፍ ግን በገደል አፋፍ፣ በስስ አፈርና ፍየል በማይለይበት ተዳፋት ላይ ሲበቅል ከሰው ቁመት ብዙም የማይዘል፣ የተጣመመና ከሥሩ የተንዠረገገ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። መለሎውና ቁጥቋጦው አንድ ዘር ናቸው፤ የለያቸው የቆሙበት መሬትና ያለፉበት ኑሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በየከተማው አጥርና በየተክል ደኑ በብዛት የሚታየው የፈረንጅ ጽድ የዚህ ዛፍ ወገን አይደለም። እርሱ ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ የሚባል፣ ትውልዱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የሆነ መጤ ዛፍ ነው። በቤተሰብ ደረጃ ቢዛመዱም ፍሬያቸው ሲታይ ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል። የፈረንጁ ፍሬ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ለነፋስ የሚበትን ደረቅ እንክብል ነው። የሐበሻው ግን ቅርፊቶቹ ተጋጥመውና ሥጋ ለብሰው እንደ ጥቁር ሰማያዊ ዶቃ የሚታዩ፣ በላያቸው አመድማ ሰም የተቀባ የሚመስሉ ትናንሽ ፍሬዎች አሉት። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በኋላ እንደሚገለጸው፣ ስለ ሁለቱ ዛፎች አኗኗር ብዙ የሚናገር ነው።

የጁኒፐሩስ ወገን በዓለም ላይ ከ50 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው። ተራው ጁኒፐር የሚባለው ቁጥቋጦ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ተሰራጭቶ እስከ ዋልታው ዳርቻ ይደርሳል፤ በፊንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ የተገኘ አንድ የዚህ ዓይነት ቁጥቋጦ ዕድሜው በዓመታዊ ቀለበቶቹ ሲቆጠር ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በደቡብ ምሥራቅ ቲቤት ደግሞ ሌላው ዘመዱ ከባሕር ወለል በላይ 4,900 ሜትር ያህል በሚደርስ ከፍታ ላይ ደን ሠርቶ ይኖራል። ከዚህ ሁሉ ወገን መካከል ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በተፈጥሮ የሚገኘው ብቸኛው ዓይነት የሐበሻው ጽድ ነው። ክልሉም ከምዕራብ ዓረቢያ ተራሮች ተነሥቶ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በሶማሊያ ከፍታዎች አልፎ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ውስጥ በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በመናገሻ ሱባ፣ በወፍ ዋሻ፣ በጭሊሞ፣ በታራ ገዳም፣ በደስዓ፣ በአዳባ ዶዶላና በአሬሮ ደኖች ውስጥ የሚታየው ይኸው ዛፍ ነው።

፪. ጥም የሚችል ዛፍ

ጽድ ከሚኖርባቸው ቦታዎች በብዙዎቹ ዝናብ የሚዘንበው በዓመቱ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋሱ ያደርቃል፣ አፈሩም ይሰነጠቃል። ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ የማያራግፍ ዛፍ እንዲህ ባለ ቦታ ለመኖር ውኃን የሚያገኝበትም የሚቆጥብበትም መንገድ ሊኖረው ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ ሥሩ ነው። የጽድ ሥር አፈሩ በፈቀደለት ቦታ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ዐለት ባገኘው ጊዜም በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ያለበትን ይፈልጋል። ከዚህ ጋር ሥሩ ብቻውን አይሠራም። በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ላይ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ ጽድን ጨምሮ የአገር በቀል ዛፎች ሥር በአብዛኛው ከአፈር ውስጥ ረቂቅ ፈንገሶች ጋር በሽርክና ይኖራል። ፈንገሱ ከሥሩ ፀጉር ይልቅ የቀጠኑ ክሮቹን በአፈሩ ውስጥ እየዘረጋ ፎስፎረስንና ሌላውን ምግብ ያቀብላል፤ ዛፉም በፀሐይ ኃይል የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል።

ሁለተኛው መንገድ ቅጠሉ ነው። ችግኝ ሳለ ጽድ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለና ወጊ ነው። ሲያድግ ግን መርፌው ቀርቶ ቅርንጫፉን እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያለብሱ፣ በሚሊ ሜትር የሚለኩ ጥቃቅን ቅጠሎች ይተካሉ። ቅጠሉ ትንሽ በመሆኑ ለፀሐይና ለነፋስ የሚያጋልጠው ገጽ ጥቂት ነው፤ በላዩ ያለው ሰምም ትነትን ይቀንሳል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የረቀቀው ነው። በማንኛውም ዛፍ ውስጥ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚሄደው እንደ ተወጠረ ክር ነው። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ቅጠሉ ውኃውን የሚስብበት ጉልበት እየበረታ፣ ክሩም እየተወጠረ ይሄዳል። ውጥረቱ ከመጠን ሲያልፍ አየር ይገባና ክሩ ይበጠሳል፤ ቧንቧውም ከእንግዲህ ውኃ የማያሳልፍ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ቧንቧ የተበጠሰበት ዛፍ ይሞታል። የጁኒፐር ወገኖች የውኃ ቧንቧ ግን ጠባብና ግድግዳው ወፍራም ነው። በዚህም ምክንያት በሌሎች ዛፎች ላይ የሚበጠሰው ክር በጁኒፐር ውስጥ ሳይበጠስ ይቆያል።

የዚህን ጥቅም በግልጽ ያሳየ አንድ ክስተት በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ደርሷል። በዚያ አገር ፒንዮን የሚባል የፓይን ዛፍና ጁኒፐር ጎን ለጎን ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በዘለቀው ጽኑ ድርቅ ጊዜ ፒንዮኑ በብዛት ሲያልቅ፣ አጠገቡ የቆመው ጁኒፐር አብዛኛው ተረፈ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያጣሩ የሁለቱ ጠባይ የተለያየ ሆኖ አገኙት። ፒንዮን አፈሩ መድረቅ ሲጀምር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይጠብቃል፤ በዚህም ውኃውን ቢቆጥብም ምግብ መሥራት ያቆማል፣ ድርቁ ሲረዝምም ኃይሉ ተሟጦ ቅርፊት ለሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች ይጋለጣል። ጁኒፐር ግን ቧንቧው ውጥረትን ስለሚችል ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ፣ በጥቂቱም ቢሆን ምግብ እየሠራ ይቆያል። ከዚህም ሌላ ድርቁ ሲጸናበት የቅርንጫፉን ወይም የግንዱን አንድ ወገን አድርቆ በቀረው ወገን የሚኖር ጁኒፐር በዚያ አገር በብዛት ይታያል።

የሐበሻው ጽድ የዚሁ ወገን ልጅ ነው። የድርቁን ታሪክም በግንዱ ውስጥ ጽፎ ያኖራል። ክረምቱ መልካም በሆነበት ዓመት ሰፊ፣ ባነሰበት ዓመት ጠባብ ቀለበት ይሠራል። የኢትዮጵያን የዝናብ ታሪክ ከዛፍ ቀለበት ለማንበብ የሚሞክሩ ተመራማሪዎች በጽድ ላይ ያተኮሩትም ስለዚህ ነው። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣበት አካባቢ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ፣ በክፉ ዓመትም ጭራሽ ሳይሠራ ሊቀር ስለሚችል ንባቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሆኖም ዛፉ የመከራውን ዘመን ለመዘገቡ ጥርጥር የለም።

፫. መጥረቢያ፣ እሳትና ጥርስ

ድርቅን የቻለ ዛፍ ሁሉንም ይችላል ማለት አይደለም። ጽድ ድካሙ የሚገለጠው በመጥረቢያና በእሳት ፊት ነው።

ጽድና ወይራ በብዙ ደኖች ውስጥ አብረው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ወይራ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ባሕር ዛፍም እንዲሁ። ጽድ ግን ሲቆረጥ ከጉቶው አይመለስም። ስለዚህ አንድ ተዳፋት ለማገዶና ለከሰል በተደጋጋሚ ሲቆረጥ ወይራው ቁጥቋጦ ሆኖም ቢሆን ይቆያል፣ ጽዱ ግን ይጠፋል። በብዙ ቦታ የጥንቱን ጽድ የሚያመለክቱት የወይራና የክትክታ ቁጥቋጦዎች፣ በመካከላቸውም ሳይበሰብሱ የቀሩ አሮጌ ጉቶዎች ብቻ የሆኑት ከዚህ የተነሳ ነው። ምስጥ የማይበላው የእንጨቱ ጥንካሬ ለዛፉ በረከትም መርገምም ሆኖበታል። ልቡ በሽታን የሚከላከል ሽቱ ዘይት ስላለው ሕያው ዛፍ ሆኖ ረጅም ዘመን እንዲኖር ያግዘዋል፤ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ልቡን ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች የተቆረጠው ጽድ ለእርሳስ መሥሪያ ወደ ውጭ ይላክ እንደ ነበር የሚያስታውሰው የእንግሊዝኛ ስሙ እስከ ዛሬ የአፍሪካ የእርሳስ ዝግባ የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ ነው።

በእሳት በኩል ያለው ጠባይ ደግሞ ሁለት ገጽታ አለው። የጽድ ቅርፊት ቀጭንና እየተላጠ በክር በክር የሚወርድ ነው፤ ቅጠሉም ዘይት አለው። ስለዚህ እሳት ሲመጣ በቀላሉ ይያዛል፤ ወጣቱ ዛፍ ፈጽሞ አይተርፍም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው ሰፊ ቃጠሎ ያስከተለው ጥፋት የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ በኬንያ ደኖች የሠሩ ባለሙያዎች ከረጅም ጊዜ በፊት እንደ ተመለከቱት፣ ከእሳት በኋላ መሬቱ ተከፍቶ፣ ጥላው ተገፎና አፈሩ ተጋልጦ ሲገኝ በዙሪያው የተረፉ እናት ዛፎች ካሉ የጽድ ችግኝ በአንድ ጊዜ በብዛት ይነሳል። በአንዳንድ ደኖች ውስጥ የሚታዩት ጽዶች ዕድሜያቸው ተቀራራቢ የሚሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ደን ይቃጠል የሚል አይደለም። ትምህርቱ ጽድ የብርሃን ልጅ መሆኑ ነው። ከራሱ ጥቅጥቅ ጥላ ሥር ዘሩ ቢወድቅ እንኳ ችግኙ አያድግም። እርጥበት በበዛበት ደን ውስጥ ከእግሩ ሥር ጥላ የሚወድደው ዝግባ ይነሳና ቦታውን ይወርሳል። ስለዚህ ሰው ሳይነካው ለዘመናት የተዘጋ የጽድ ደን ውስጡ በችግኝ የተሞላ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ጽድ የሚተካው በክፍተትና በደን ዳርቻ፣ ዛፍ በወደቀበትና መሬት በተናደበት ቦታ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ይነሳል። ዛሬ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የደኑ ዳርቻና ክፍተቱ የግጦሽ መሬት ነው። ጽድ ብርሃን ፍለጋ ከደኑ ሲወጣ የሚጠብቀው የከብት መንጋ ነው። የችግኙ ቅጠል ወጊ መሆኑና በውስጡ ያለው መራራ ዘይት ከብቱ ሌላ ምግብ ሲያገኝ ይተወው ይሆናል፤ በበጋ ግን፣ ሣሩ ባለቀበት ጊዜ፣ ፍየል ይህንን አትመርጥም። ያልተበላውም በኮቴ ይረገጣል። በጥላው ውስጥ ብርሃን የለም፤ በብርሃኑ ውስጥ ሰላም የለም። የጽድ መተካት ችግር ባጭሩ ይህ ነው።

፬. ዘሩ የሚያልፍበት ጠባብ በር

ከጉቶው የማያቆጠቁጥ ዛፍ ተስፋው በዘሩ ላይ ብቻ ነው። የጽድ ዘር ግን ከአበባ እስከ ችግኝ የሚያልፍባቸው በሮች ብዙና ጠባብ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ጽድ ወንድና ሴቱ በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በሰፊ ደን ውስጥ ይህ አያስቸግርም። ጥቂት ዛፎች ብቻ በቀሩበት ቦታ ግን ሁሉም ሴት ወይም ሁሉም ወንድ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። በእርሻ መካከል ብቻዋን የቆመች ሴት ጽድ ፍሬ በፍሬ ሆና ብትታይ ፍሬው ሲሰበር ውስጡ ባዶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ዘር የሚሰበስብ ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ከረጢቱን ሞልቶ ቢመለስ በችግኝ ጣቢያው የሚበቅለው ጥቂት ቢሆን ሊደነቅ አይገባውም።

ቀጥሎም ፍሬው ለመብሰል አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሲበስል ሥጋው ወፎችን ይጠራል። የፈረንጁ ጽድ ዘሩን ለነፋስ ሲሰጥ የሐበሻው ለወፍ አደራ ይሰጣል ማለት ነው። ወፉ ፍሬውን ውጦ፣ ሥጋውን ፈጭቶ፣ ዘሩን ባረፈበት ቦታ ይጥለዋል። ወፍ ደግሞ በሜዳ ላይ አያርፍም፤ የሚያርፈው በቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዘሩ በብዛት የሚወድቀው ከሌላ ዛፍ ወይም ከቁጥቋጦ ሥር ነው። ማረፊያ በሌለበት የተራቆተ ተራራ ላይ ጽድ በራሱ ጊዜ ሳይመለስ የሚቀርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በመጨረሻም፣ ወድቆ የቀረውን ዘር አፈር ለረጅም ዘመን ያስቀምጥልናል ተብሎ ሊታመን አይችልም። ዶክተር ደመል ተከታይና ሌሎች የሥነ ደን ሊቃውንት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር ሲመረምሩ ያገኙት በብዛት የሣርና የአረም ዘር ነው፤ የዋና ዋናዎቹ ዛፎች ድርሻ አነስተኛ ነበር። ይህ ማለት ደኑ ከተመነጠረና እናት ዛፎቹ ከጠፉ በኋላ መሬቱ ቢከለልም አፈሩ ብቻውን ጫካውን አይመልሰውም ማለት ነው። የዘሩ ጎተራ የቆመው ዛፍ ነው።

፭. ሞግዚቱ ቁጥቋጦ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲታይ ጽድ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፈ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በአመዛኙ ብዙ ሰው እንደ አረም በሚቆጥራቸው ቁጥቋጦዎች ላይ ነው።

አጋም፣ ቀጋ፣ አጣጥ፣ ኮሸም፣ ክትክታ፣ ደደሆና እነዚህን የመሳሰሉ ቁጥቋጦዎች በተራቆተ ተዳፋት ላይ ቀድመው ይይዛሉ። ለወፉ ማረፊያ ይሆናሉ፤ ወፉም ዘሩን ከሥራቸው ይጥላል። ስስ ጥላቸው የቀትሩን ፀሐይ አለዝቦ፣ ብርሃኑን ግን ፈጽሞ ሳይከለክል አፈሩን ያረጥባል። እሾኻቸው የፍየሏን አፍ ያርቃል። በትግራይ በተከለሉ መሬቶች ላይ ስለ ወይራ የተደረገ ምርምር፣ ከቁጥቋጦ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ በገላጣ ቦታ ከተተከለው የተሻለ ዕድል እንዳለው አሳይቷል። የጽድም የዱር አኗኗር በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ነው፤ በየተዳፋቱ ከግጦሽ የተረፈ ወጣት ጽድ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጫፉን በአጋም ወይም በቀጋ እሾኽ መካከል አሾልኮ ነው። ጽዱ ሲያድግና ጥላው ሲሰፋ ብርሃን ፈላጊው ቁጥቋጦ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሞግዚቷ ያሳደገችው ልጅ ቤቱን ይወርሳታል።

እንግዲህ ለችግኝ ተከላ በሚል ተዳፋቱን ከቁጥቋጦ መመንጠርና በጸዳው መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር ምን ያህል ከዛፉ ተፈጥሮ ጋር የሚቃረን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፮. የጎረቤት ምስክርነት

ጽድ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ውስጥ ብዙም ከማያሠጉ ዛፎች መካከል ተመድቧል። ክልሉ ሰፊ ስለሆነ ምደባው ስሕተት ነው አይባልም። ነገር ግን ዛፉ በየስፍራው የሚደርስበት ሲታይ ሰፊው ክልል ሁሉ የሚያጽናና አይደለም።

በጂቡቲ በጎዳ ተራሮች ላይ የሚገኘው የዳይ ደን የጽድ ደን ነው። ከሃያኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ጽዶቹ በብዛት ደርቀው እንደ ቆሙ ቀርተዋል፤ በዚያ ደን ላይ ኑሮዋን የመሠረተችው የጂቡቲ ቆቅም ከዓለም ለመጥፋት ከተቃረቡት አእዋፍ መካከል ተቆጥራለች። ለጥፋቱ የተሰጠው ምክንያት አንድ አይደለም፤ የዝናብ ማነስ፣ የግጦሽ ብዛት፣ ቆረጣና በሽታ ተደጋግፈው ያደረሱት ነው። በምዕራብ ዓረቢያ በዐሲር ተራሮች ላይም የጽድ ከጫፍ መድረቅ ታይቷል። በኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከትግራይ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል ላይ ባለው በደስዓ ደን የተደረገ ጥናት፣ የጽድና የወይራ መድረቅ ከፍ ካለው ይልቅ ዝቅ ባለው የደኑ ጠርዝ ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። ደኑ ከታች እየተበላ ወደ ላይ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ተራራ ግን ጫፍ አለው፤ ሽሽቱም እዚያ ላይ ያበቃል።

እነዚህ ምስክሮች የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው። ጥም የሚችለው ዛፍ መቻሉ ወሰን አለው። ወሰኑ ሲታለፍ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በአንድ ዘመን ይወድቃሉ፤ ከሥራቸው የተነሳ ወጣት ከሌለ ቦታው ባዶ ይቀራል።

፯. ለባለሙያው የቀረው ሥራ

ጽድን መጠበቅ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርም ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሲያልቅ የዛፉን ዘር ጠብቆ አቆይቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት 168 የእንጨት እጽዋት ዓይነቶች መዝግበዋል። ይኸው የምርምር ሥራ ሌላም ነገር ገልጧል። ጽድን ጨምሮ በአራት አገር በቀል ዛፎች ላይ በተደረገ ሙከራ ከብት በሚገባበት ቦታ የዘሩ መብቀልና የችግኙ መትረፍ በእጅጉ ሲቀንስ፣ በታጠረው ቦታ ግን ተሻሽሎ ተገኝቷል። ቅጥሩ መጥረቢያን አስቀርቷል፤ ከብትን ያላስቀረበት ቦታ ግን ደኑ እየሸመገለ ነው። በዚያው አካባቢ ካህናትና ምእመናን ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ የደኑን ዙሪያ መካብ የጀመሩት ይህን በመረዳት ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ለሙያው ሰዎች የሚቀርቡት አሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የጽድ ደን ጤንነት በግንዱ ብዛትና ውፍረት ብቻ አይለካ። ከጉልበት በታች ያለው ችግኝና ከሰው ቁመት ያልበለጠው ወጣት ዛፍ ተቆጥሮ በየመዝገቡ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ዘር የሚለቀመው ወንድና ሴት ዛፎች ተቀራርበው ከሚገኙበት ቦታ፣ ከአንድ ሳይሆን ከብዙ እናቶች ይሁን። ከመዘራቱም በፊት ጥቂቱ ተሰብሮ ፍሬያማነቱ ይታይ።

ሦስተኛ፣ በችግኝ ጣቢያ ለከረጢት በሚዘጋጀው አፈር ላይ ከጽድ ደን የመጣ ጥቂት አፈር ይጨመር። ሥሩ የዱር ሸሪኩን ከልጅነቱ ይዞ ቢወጣ ለመጽደቅ ይረዳዋል።

አራተኛ፣ በተከላ ቦታ ያለው ቁጥቋጦ አይመንጠር። ችግኙ ከአጋሙና ከክትክታው ጎን ይተከል። እናት ዛፎች በቅርብ ካሉም መሬቱን ለተወሰኑ ዓመታት ከከብት መከለል ብቻ፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ ከተከላ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። መከለሉ ሲታሰብ ግን የባለከብቱ ኑሮ አብሮ ይታሰብ። ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ የተፈቀደለት ገበሬ የክልሉ ጠባቂ ይሆናል፤ ሣሩን የተነጠቀው ግን ሌሊት አጥሩን ይከፍታል።

አምስተኛ፣ የፈረንጅ ጽድ ለጣውላና ለአጥር የሚሰጠው ጥቅም ባይካድም በሐበሻው ጽድ ስም አይመዝገብ፤ በተፈጥሮ ደን ክፍተት ውስጥም የሐበሻውን ቦታ ይዞ አይተከል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የሚተከለው ችግኝ ቁጥር ከፍ ብሏል። የባለሙያው ድርሻ ቁጥሩን ከመመዝገብ አልፎ የትኛው ዛፍ፣ በየት ቦታ፣ በማን ጥላ ሥር እንደ ተተከለና ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደ ቆመ ማጣራት ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ጽድ የሚያድገው በዝግታ ነው። ዛሬ ከመሬት ብቅ ያለው ችግኝ ለምሰሶ የሚበቃው ዛሬ የተከለለትን ሰው የልጅ ልጅ ዘመን ነው። በየአድባራቱ የቆሙትም ጽዶች የዛሬው ትውልድ ያላቆማቸው፣ ቀደም ያሉ ሰዎች አጨዳና ግጦሽ ትተው ያቆዩአቸው ናቸው። እንግዲህ ከጉባኤው በኋላ ወደየሥራ ቦታው የሚመለሰው ባለሙያ በቅርቡ ወዳለው የጽድ ደን ሲገባ ቀና ብሎ የዛፎቹን ጫፍ ከማድነቁ በፊት ዝቅ ብሎ መሬቱን ይመልከት። ከቁጥቋጦው ሥር፣ ከሣሩ መካከል፣ መርፌ መርፌ የሚል አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ ከስንዝር ያልበለጠ ችግኝ ካገኘ ደኑ ገና ተስፋ አለው። ካላገኘ ግን የቆሙት ግንዶች ብዛት አያታልለው፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያው ቀን ነው።